የሕንፃ መጠቀሚያ ፈቃድ

የሕንፃ መጠቀሚያ ፈቃድ ማለት አዲስ የተሠራ ወይም ከፍተኛ ለውጥ የተደረገበት ሕንፃ በጸደቀለት ፕላንና በሕንፃ ሕግ መሠረት መጠናቀቁን መንግሥታዊ አካል መርምሮ ካረጋገጠ በኋላ ሰው እንዲገባበት የሚሰጥ የጽሑፍ ማረጋገጫ ነው። ሕንፃው መኖሪያ ቤት ከሆነ ፈቃዱ ቤተሰቡ ዕቃውን አስገብቶ መኖር የሚጀምርበትን ሕጋዊ ቀን ይወስናል። ሱቅ፣ ትምህርት ቤት ወይም ሆቴል ከሆነ ደግሞ ለሕዝብ በሩን የሚከፍትበትን ቀን ይወስናል።

ከግንባታ ፈቃድ ጋር መምታታት የለበትም። የግንባታ ፈቃድ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይሰጣል፤ የሚመለከተውም ወረቀት ላይ ያለውን ፕላን ነው። የመጠቀሚያ ፈቃድ ሥራው ካለቀ በኋላ ይሰጣል፤ የሚመለከተውም መሬት ላይ የቆመውን ቤት ነው። በሁለቱ መካከል ግንበኛው ፕላኑን ሊለውጥ፣ ብረት ሊቀንስ፣ መስኮት ሊዘጋ ወይም ፎቅ ሊጨምር ይችላል። የመጠቀሚያ ፈቃድ ዋና ዓላማ የተፈቀደውና የተሠራው አንድ መሆናቸውን ማመሳከር ነው።

ስያሜ

በኢትዮጵያ ከተሞች አገልግሎቱ «የመጠቀሚያ ፈቃድ» በመባል ይታወቃል። በአሜሪካ «ሰርተፊኬት ኦፍ ኦኩፓንሲ» ይባላል፤ በአጭሩም «ሲ ኦ» ይሉታል። በእስራኤል ለረጅም ጊዜ የሚታወቀው በቅጹ ቁጥር «ጦፈስ አርባ» (ቅጽ አራት) በሚለው ስም ነው። በእንግሊዝ «ኮምፕሊሽን ሰርተፊኬት» ማለትም የማጠናቀቂያ ምስክር ወረቀት ይባላል። ስሙ ቢለያይም ጥያቄው ተመሳሳይ ነው፦ ይህ ቤት ሰው ቢያድርበት አደጋ ላይ ይጥለዋል ወይስ አይጥለውም?

ታሪክ

ቤት ሠሪው ለሚኖርበት ሰው ደኅንነት ኃላፊ ነው የሚለው ሐሳብ ጥንታዊ ነው። በባቢሎን ንጉሥ በሐሙራቢ ሕግ ውስጥ ቤት ሠሪው ጠንካራ ባለማድረጉ ቤቱ ወድቆ ባለቤቱን ቢገድል ሠሪው በሞት እንዲቀጣ ተደንግጓል። ግድግዳው ካዘመመም ሠሪው በራሱ ወጪ እንዲያጠናክረው ታዝዟል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 8 ደግሞ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም ወድቆ እንዳይሞት በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል። በሁለቱ መካከል መሠረታዊ ልዩነት አለ። የሐሙራቢ ሕግ አደጋው ከደረሰ በኋላ ይቀጣል፤ የኦሪቱ ትእዛዝ ግን አደጋው ከመድረሱ በፊት ይከላከላል። የዛሬው የመጠቀሚያ ፈቃድ የተመሠረተው በሁለተኛው አስተሳሰብ ላይ ነው።

በእ.ኤ.አ. 1666 ለንደን በታላቅ ቃጠሎ ከወደመች በኋላ በ1667 የወጣው የመልሶ ግንባታ ሕግ ቤቶች ከእንጨት ይልቅ በጡብ ወይም በድንጋይ እንዲሠሩ አዘዘ፤ ይህን የሚከታተሉ ተቆጣጣሪዎችም ተሾሙ።

ቤት ከመያዙ በፊት የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል የሚለው ግልጽ ሕግ ከታየባቸው ቀደምት ምሳሌዎች አንዱ የኒው ዮርክ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ብዙ ስደተኛ ቤተሰቦች በከተማይቱ ጠባብና ጨለማ የኪራይ ሕንፃዎች ውስጥ ተጨናንቀው ይኖሩ ነበር። ብዙ ክፍሎች መስኮት አልነበራቸውም፤ መጸዳጃውም የጋራ ነበር። በእ.ኤ.አ. 1901 የወጣው የኪራይ ቤቶች ሕግ በአዳዲስ ሕንፃዎች እያንዳንዱ ክፍል መስኮት፣ እያንዳንዱ መኖሪያም የራሱ መጸዳጃ እንዲኖረው አስገደደ። ሕንፃው ሕጉን ማሟላቱ በምስክር ወረቀት ሳይረጋገጥ ሰው እንዳይገባበትም ከለከለ። ከዚህ ቀደም የወጡ ሕጎች ይህን ማረጋገጫ ባለማጠንከራቸው ብዙ ጊዜ ወረቀት ላይ ይቀሩ ነበር።

የምርመራ ደረጃዎች

ብዙ ሰው የመጠቀሚያ ፈቃድ በመጨረሻው ቀን በሚደረግ አንድ ጉብኝት የሚገኝ ይመስለዋል። እንዲህ ሊሆን አይችልም፤ ምክንያቱም የአንድ ቤት ዋና ዋና ክፍሎች ሥራው ሲያልቅ አይታዩም። የመሠረቱ ብረት በኮንክሪት ተቀብሯል፤ የኤሌክትሪክ ሽቦው በልስን ተሸፍኗል፤ የፍሳሽ ቱቦው ከወለል በታች ነው። ስለዚህ ምርመራው በየደረጃው፣ እያንዳንዱ ሥራ ከመሸፈኑ በፊት ይካሄዳል። የተለመደው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

1. የመሠረት ቁፋሮ፦ አፈሩ ጠንካራ መሆኑ፣ ጥልቀቱና ከወሰን ያለው ርቀት ከፕላኑ ጋር መመሳሰሉ ይታያል።
2. ብረት፦ ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት የብረቱ ብዛት፣ ውፍረት፣ አተሳሰርና ከኮንክሪቱ ጠርዝ ያለው ርቀት ይለካል። ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ ይህን ማየት በጣም ከባድና ውድ ነው።
3. የሕንፃው አካል፦ ኮለኖች፣ ቢሞች፣ ሶሌታና ጣሪያ ይመረመራሉ።
4. የተደበቁ መስመሮች፦ ግድግዳው ከመለሰኑ ወይም ኮርኒሱ ከመመታቱ በፊት የውሃ፣ የፍሳሽና የኤሌክትሪክ መስመሮች ይፈተሻሉ። የውሃ ቱቦ ብዙ ጊዜ በግፊት ተሞልቶ ይፈተናል።
5. የመጨረሻ ምርመራ፦ ቤቱ ለመኖሪያ ዝግጁ ሲሆን ይደረጋል።

አንድ ደረጃ ተዘሎ ሥራው ከተሸፈነ መርማሪው ግድግዳው ወይም ወለሉ እንዲከፈት ማዘዝ ይችላል። በመጨረሻው ቀን ፈቃድ የሚከለከል ሰው ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከወራት በፊት ሳይጠራ ካለፈው መርማሪ ነው።

በመጨረሻው ምርመራ የሚታዩ ነገሮች

በመጨረሻው ጉብኝት መርማሪው የቀለሙን ውበት ወይም የሴራሚኩን ዋጋ አይመለከትም። የሚፈልገው ሰውን ሊገድሉ ወይም ሊያሳምሙ የሚችሉ ነገሮችን ነው። በአሜሪካ አብዛኞቹ ግዛቶች መሠረት ያደረጉት ዓለም አቀፍ የመኖሪያ ቤቶች ኮድ የሚያስቀምጣቸው ልኮች ይህን በግልጽ ያሳያሉ።

ደረጃ፦ የአንድ መርገጫ ከፍታ ከ196 ሚሊ ሜትር መብለጥ፣ የመርገጫው ጥልቀትም ከ254 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። ከሁሉ በላይ መርገጫዎቹ እኩል መሆን አለባቸው። ሰው ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ እግሩ የመጀመሪያዎቹን መርገጫዎች ልክ ይለምዳል፤ አንዱ በመሐል ከተለየ ይደናቀፋል።

መከለያ፦ ከ762 ሚሊ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው በረንዳ ወይም የደረጃ መውጫ ቢያንስ 914 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው መከለያ ያስፈልገዋል። በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት 102 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ኳስ የሚያሳልፍ መሆን የለበትም። ልኩ የተወሰደው ሕፃን ልጅ በክፍተቱ ሾልኮ እንዳይወድቅ ታስቦ ነው።

የመኝታ ቤት መስኮት፦ እሳት በሩን ቢዘጋ የተኛ ሰው በመስኮት እንዲወጣ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛም እንዲገባ የሚከፈተው ቦታ በአጠቃላይ 0.53 ካሬ ሜትር ያህል መሆን አለበት። የመስኮቱ ደፍ ከወለሉ ከ1118 ሚሊ ሜትር በላይ ከፍ ሊል አይችልም። በቋሚ የብረት ፍርግርግ የታጠረ መስኮት ይህን አያሟላም፤ ፍርግርጉ ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት መሆን ይኖርበታል።

የጭስ ማስጠንቀቂያ፦ በእያንዳንዱ መኝታ ክፍል፣ ከመኝታ ክፍሎች ውጭ ባለው መተላለፊያና በየፎቁ ይገጠማል። አንዱ ሲጮኽ ሁሉም እንዲጮኹ እርስ በርስ ይያያዛሉ።

ኤሌክትሪክ፦ ውሃ ባለባቸው ቦታዎች፣ ለምሳሌ በመታጠቢያ ቤትና በወጥ ቤት፣ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ሲኖር ወዲያው የሚቆርጥ መከላከያ ይፈተሻል። የመሬት መስመሩ መኖሩና ብሬከሩ ከሽቦው ውፍረት ጋር መመጣጠኑም ይታያል።

የውሃ ማሞቂያ፦ ግፊቱና ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ የሚያስተነፍስ ቫልቭ መኖሩና የቫልቩ ቱቦ አለመደፈኑ ይረጋገጣል። ይህ ቫልቭ የሌለው ማሞቂያ ሊፈነዳ ይችላል።

የመኪና ማቆሚያ፦ ከቤቱ ጋር የተያያዘ ጋራዥ ካለ ወደ መኝታ ክፍል በቀጥታ የሚከፈት በር አይፈቀድም፤ ወደ ቤት የሚያስገባው በርም እሳትን ለተወሰነ ጊዜ መቋቋም አለበት።

የዝናብ ውሃ፦ በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬት በመጀመሪያዎቹ 3 ሜትር ውስጥ ወደ ውጭ ቢያንስ 152 ሚሊ ሜትር ማዘቅዘቅ አለበት። አለዚያ ውሃ ወደ መሠረቱ ይሰርጋል።

መርማሪው ጉድለት ካገኘ ዝርዝሩን በጽሑፍ ይሰጣል፤ ግንበኛው አስተካክሎ እንደገና ይጠራዋል። አንድ ጊዜ መውደቅ የተለመደ ነው፤ ማመልከቻውን አያጠፋውም።

በምስክር ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው

ወረቀቱ ብዙ ጊዜ አጭር ነው። የግንባታ ፈቃዱ ቁጥር፣ የሕንፃው አድራሻ፣ የባለቤቱ ስም፣ የተፈቀደው የሕንፃ ክፍል፣ ምርመራው የተካሄደበት ሕግ ወይም ኮድ እትምና የኃላፊው ፊርማ ይሰፍርበታል። ከሁሉ የበለጠ ክብደት ያለው ግን የአገልግሎቱ ዓይነት ነው። ለመኖሪያ የተፈቀደ ቤት ለመጋዘን፣ ለመጋዘን የተፈቀደም ለመኖሪያ አይሆንም። የወለሉ የመሸከም አቅም፣ የመውጫ በሮች ብዛትና የእሳት መከላከያው የሚሰላው በአገልግሎቱ መሠረት ነው። ስለዚህ ባለቤቱ አገልግሎቱን ሲቀይር ግድግዳ ባይነካም አዲስ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ጊዜያዊና ከፊል ፈቃድ

አንድ ቤት ለመኖር አስጊ ባይሆንም ጥቂት ሥራ ሊቀረው ይችላል፤ ለምሳሌ የግቢ ንጣፍ ወይም አጥር። ብዙ ሕጎች በዚህ ጊዜ ጊዜያዊ ፈቃድ ይሰጣሉ። ጊዜያዊ ፈቃድ የሚያበቃበት ቀን ይጻፍበታል፤ የቀሩት ሥራዎችም ይዘረዘራሉ። ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ከሆነ ደግሞ የተጠናቀቁት ፎቆች ብቻ ሊፈቀዱ ይችላሉ። የደረጃ መከለያ፣ የእሳት መውጫ ወይም የፍሳሽ መስመር ከጎደለ ግን ጊዜያዊ ፈቃድም አይሰጥም።

በአንዳንድ አገሮች ያለው አሠራር

አሜሪካ፦ ሥልጣኑ በከተማ ወይም በካውንቲ የሕንፃ መሥሪያ ቤት እጅ ነው፤ ስለዚህ ደንቡ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በኒው ዮርክ ከተማ ከእ.ኤ.አ. 1938 በፊት የተሠሩ ሕንፃዎች አጠቃቀማቸው ወይም የመውጫ አሠራራቸው ካልተለወጠ የምስክር ወረቀቱን እንዲይዙ አይገደዱም። በአገሪቱ ቤት ወይም ንግድ የሚከፍቱ ኢትዮጵያውያን፣ በተለይ ምግብ ቤት ለመክፈት የቀድሞ ሱቅ የሚከራዩ፣ ይህን ወረቀት ብዙ ጊዜ የሚያውቁት የኪራይ ውል ከፈረሙ በኋላ ነው። ሱቅ የነበረ ቦታ ምግብ ቤት እንዲሆን አዲስ ፈቃድ ሊያስፈልገው ይችላል፤ እስኪገኝም ኪራዩ ይቆጥራል።

እስራኤል፦ በእ.ኤ.አ. 1965 የወጣው የፕላንና የግንባታ ሕግ፣ ከማሻሻያዎቹ ጋር፣ የመጠቀሚያ ማረጋገጫውን ከመሠረተ ልማት ጋር አስተሳስሮታል። ማረጋገጫው ሳይሰጥ ቤቱ ከመብራት፣ ከውሃና ከስልክ መስመር ጋር በቋሚነት አይያያዝም። በዚህ ምክንያት ከኮንትራክተር አዲስ አፓርታማ የሚገዛ ቤተሰብ፣ ኢትዮጵያውያን ቤተ እስራኤላውያንን ጨምሮ፣ ቁልፍ ከመረከቡ በፊት የሚጠይቀው የመጀመሪያው ጥያቄ «ጦፈስ አርባ ወጥቷል?» የሚል ነው።

እንግሊዝ፦ ለተራ መኖሪያ ቤት የማጠናቀቂያ ምስክር ወረቀት ይሰጣል። በእ.ኤ.አ. ሰኔ 2017 በለንደን ግሬንፌል ታወር በተነሣው እሳት 72 ሰዎች ከሞቱ በኋላ ግን ቁጥጥሩ ጠበቀ። በ2022 በወጣው የሕንፃ ደኅንነት ሕግ መሠረት ቢያንስ 18 ሜትር ቁመት ወይም ሰባት ፎቅ ያላቸውና ቢያንስ ሁለት መኖሪያዎች ያሉባቸው አዳዲስ ሕንፃዎች በልዩ ተቆጣጣሪ አካል ሳይጸድቁ ሰው ሊገባባቸው አይችልም።

ሕንድ፦ በሙምባይ ከተማ ዎርሊ በተባለው ሠፈር ያለው የካምፓ ኮላ ግቢ ታዋቂ ምሳሌ ነው። በ1980ዎቹ አልሚዎች ከተፈቀደላቸው አምስት ፎቅ በላይ ገነቡ፤ ሕንፃዎቹም የመጠቀሚያ ፈቃድ አላገኙም። ነዋሪዎቹ ገንዘብ ከፍለው ገቡ፤ የከተማውን የውሃ አቅርቦት ግን በተገቢው መንገድ ማግኘት አልቻሉም። በእ.ኤ.አ. 2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከፈቃድ ውጭ በተሠሩት ፎቆች ላይ የተላለፈውን የማፍረስ ውሳኔ አጸና። በ2016 የወጣው የሪል እስቴት ሕግ የመጠቀሚያ ፈቃዱን የማውጣት ግዴታ በአልሚው ላይ ጥሏል።

ኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ግንባታን በአገር አቀፍ ደረጃ ወጥ በሆነ ሕግ ለመምራት ወጣ። አዋጁ በዋናነት 10 ሺህና ከዚያ በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች እንዲሠራ ታስቦ የወጣ ሲሆን፣ ፕላን የሚመረምረውንና ግንባታውን የሚቆጣጠረውን ኃላፊ «የሕንፃ ሹም» ብሎ ሰይሞታል።

አዋጁ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፈለ። ምድብ «ሀ» አነስተኛ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃዎችንና ትንንሽ የግል መኖሪያዎችን ይይዝ ነበር። ምድብ «ለ» በኮለኖች መካከል ከ7 ሜትር በላይ ስፋት ያላቸውን ወይም ባለ ሁለትና ከዚያ በላይ ፎቅ ሕንፃዎችን፣ እንዲሁም ለሪል እስቴት የሚሠሩ የምድብ «ሀ» ቤቶችን ይይዝ ነበር። ምድብ «ሐ» የሕዝብ መገልገያዎችን፣ ፋብሪካዎችንና ከ12 ሜትር በላይ ቁመት ያላቸውን ሕንፃዎች ያካትት ነበር። በዚህ አዋጅ የመጠቀሚያ ፈቃድ ግዴታም በተለይ ከምድብ «ሐ» ጋር ተያይዞ ነበር። አስተሳሰቡ ቀላል ነው፦ ብዙ ሰው የሚሰበሰብበት ወይም ረጅም የሆነ ሕንፃ ቢወድቅ ጉዳቱ የከፋ ነው።

ባለቤቱ ከፕላን ስምምነትና ከግንባታ ፈቃድ ጀምሮ እስከ መጠቀሚያ ፈቃድ ድረስ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውን፣ የጸደቁ ፕላኖቹንና የየደረጃውን የቁጥጥር ሰነድ አስተባብሮ ማቆየት ይጠበቅበታል።

በኢትዮጵያ ከተሞች ብዙ የግል ቤቶች በአንድ ጊዜ አያልቁም። ባለቤቱ አቅሙ በፈቀደ መጠን መጀመሪያ ሰርቪስ ቤቱን ሠርቶ ይገባበታል፤ ከዚያ ዋናውን ቤት በዓመታት ውስጥ ያስነሣል። የኪራይ ወጪ ቤተሰቡን ስለሚጫነው በር ከተገጠመና ቆርቆሮ ከተመታ ቤቱ «አልቋል» ይባላል። በዚህ አኗኗር «የተጠናቀቀ ቤት» የሚለውን መወሰን ቀላል አይደለም። አደጋው ግን የሚጎዳው በዚሁ ጊዜ የገባውን ቤተሰብ ነው፦ መከለያ ያልተሠራለት የደረጃ ጫፍ፣ ከጎረቤት የተሳበ የተራቆተ ሽቦ፣ ያልተከደነ የሴፕቲክ ታንክ ጉድጓድ።

ያለ ፈቃድ መግባት የሚያስከትለው

ፈቃድ ሳይወጣ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ቅጣት ወይም የመልቀቅ ትእዛዝ ሊሆን ይችላል። ከዚያ የከበዱት ግን ቀስ ብለው የሚመጡት ናቸው። ባንክ ቤቱን በዋስትና ላይቀበል፣ መድን ሰጪም ቃጠሎ ሲደርስ ካሳውን ሊከራከርበት ይችላል። ቤቱ ሲሸጥ ገዢው ወረቀቱን ይጠይቃል፤ ከሌለ ዋጋው ይወርዳል ወይም ሽያጩ ይፈርሳል።

በሰው ሕይወት የተከፈሉ ምሳሌዎችም አሉ። በእ.ኤ.አ. ሚያዝያ 24 ቀን 2013 በባንግላዴሽ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ፈርሶ 1,134 ሰዎች ሞቱ። ሕንፃው ለሱቅና ለቢሮ ታስቦ ሳለ የልብስ ፋብሪካዎች ገብተውበት ነበር፤ የላይኛዎቹ ፎቆችም ያለ ፈቃድ የተጨመሩ ነበሩ። በታኅሣሥ 2 ቀን 2016 ደግሞ በአሜሪካ ኦክላንድ ከተማ «ጎስት ሺፕ» የተባለ መጋዘን ተቃጥሎ 36 ሰዎች ሞተዋል። መጋዘኑ ለመኖሪያም ሆነ ለድግስ አልተፈቀደም ነበር።

ፈቃዱ የማያረጋግጠው

የመጠቀሚያ ፈቃድ ዝቅተኛውን የደኅንነት መለኪያ ያረጋግጣል እንጂ የሥራውን ጥራት አይመሰክርም። በሩ ቢጣመም፣ ቀለሙ ቢላጥ ወይም ሴራሚኩ ቢነሣ ጉዳዩ የባለቤቱና የሥራ ተቋራጩ ነው። ለዚህም ሌላ ሕግ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 ሥራ ተቋራጩ ለሠራው ሕንፃ ጥንካሬና ትክክለኛ አሠራር ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል። ስለዚህ ፈቃዱ ሲወጣ ባለቤቱ ራሱን የቻለ የርክክብ ምርመራ ማድረጉና ጉድለቶቹን በጽሑፍ መዝግቦ ማስፈረሙ ይጠቅመዋል።

ፈቃዱ ለዘላለምም አይደለም። ቤቱ በተመረመረበት ቀን የነበረውን ሁኔታ ይመሰክራል። በኢየሩሳሌም በእ.ኤ.አ. ግንቦት 24 ቀን 2001 የቬርሳይ የሠርግ አዳራሽ ወለል ተደርምሶ 23 ሰዎች ሲሞቱ፣ ከወለሉ አሠራር ድክመት ጋር ከሥሩ ያሉ ግድግዳዎች ቀድሞ መነሣታቸው ከምክንያቶቹ አንዱ ሆኖ ተጠቅሷል።

አከራካሪ ጉዳዮች

የፈቃዱ ሥርዓት ሁለት ተቃራኒ ትችቶች ይቀርቡበታል። አንደኛው ሂደቱ ይረዝማል፣ ያስወጣል፣ ለጉቦም በር ይከፍታል የሚል ነው፤ ወረቀቱ እስኪወጣ ኪራይም ብድርም የሚከፍል ቤተሰብ ይጎዳል። ሁለተኛው ደግሞ ምርመራው ላልቷል፣ መርማሪው ሳያይ ይፈርማል የሚል ነው። መለኪያው ከሕዝቡ አቅም በላይ ሲሆን ሰው ሕጉን ትቶ ይገባል፤ መለኪያው ሲላላ ደግሞ ፈቃዱ ትርጉም ያጣል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ አገሮች ለትንንሽ የግል ቤቶች ጥቂት መሠረታዊ ነጥቦችን ብቻ፣ ለረጃጅምና ለሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ግን የተሟላ ምርመራ ይጠይቃሉ። ኢትዮጵያ በ2001 ዓ.ም. የተከተለችው የምድብ አከፋፈልም የዚህ አካሄድ ምሳሌ ነው።